መድኃኒትን በዘር ውስጥ ማቆየት፦ ለሦስት መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ጤና ሚኒስቴር
ለ፦ ግብርና ሚኒስቴር
ለ፦ የባዮ እና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ ለመድኃኒት፣ ለክትባትና ለበሽታ ምርመራ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖችን በዕፅዋት ማምረትና በዘር ውስጥ ማቆየት በአገራችን እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፤

የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። በሦስታችሁ ትብብር አንድ ዝግ ግሪንሃውስ ይሠራ፤ በውስጡም ለበሽታ ምርመራ፣ ለእንስሳት ክትባት፣ ውሎ አድሮም ለሰው መድኃኒት የሚሆኑ ፕሮቲኖችን በተክል ማምረትና በዘር ውስጥ ማቆየት ይጀመር። ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፤ ጉዳዩ ግን በሁለት አንቀጽ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጆቹን ብቻ በእኛው አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት በመድኃኒትና በክትባት መጋዘን ውስጥ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ከአእምሮው የማይወጣ አንድ ቁጥር አለ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ። አብዛኞቹ ክትባቶችና ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ መቆየት አለባቸው። ጠዋትና ማታ፣ እሑድም ሆነ በዓል ሳይባል፣ ቴርሞሜትር ይነበባል፤ በሰንጠረዥ ላይ ይመዘገባል። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣው በር አይከፈትም፤ ጄኔሬተር ካለ ነዳጁ ይታያል፤ ከሌለ ክትባቱ ከበረዶ ጋር ወደ መያዣ ሣጥን ይዛወራል። በብልቃጡ ላይ፣ በአንዲት ክብ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ካሬ አለች፤ ሙቀት ባገኛት ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቡ ጋር እኩል የጠቆረች ዕለት ያ ክትባት ለማንም አይሰጥም። ጠላቱ ሙቀት ብቻም አይደለም። የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች አንድ ጊዜ ወደ በረዶነት ከተለወጡ መልሰው ቢቀልጡም ጥቅም የላቸውም። ሕፃኗን አዝላ ከሩቅ ቀበሌ የመጣችን እናት ክትባቱ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን ተመለሺ ብሎ መሸኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ያውቁታል። ኢንሱሊናቸውን በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሕሙማንም በየገጠሩ አሉ።

ይህን የቅዝቃዜ ሰንሰለት የዘረጉትንና የሚጠብቁትን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ። ብዙ ሕይወት አድነዋል። ነገር ግን ሰንሰለቱን ማጠናከር ብቻውን መንገዱ መሆን የለበትም። ሰንሰለቱን የማይፈልግ መድኃኒት መሥራትም ይቻላል።

የችግሩ ሥር የፕሮቲን ጠባይ ነው። ፕሮቲን በአሚኖ አሲዶች የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን ሥራውን መሥራት የሚችለው በትክክል ከተጣጠፈ ብቻ ነው። በፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ሙቀት ሲያገኘው እጥፋቱ ይፈታል፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ሌሎች ፕሮቲኖችም ይቆራርጡታል። ስለዚህ ፕሮቲንን ለመጠበቅ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ማቀዝቀዝ ወይ ማድረቅ።

ተክል የመረጠው ማድረቅን ነው። አንድ የእህል ፍሬ ሲበስል በውስጡ ያለው ውኃ ቀስ በቀስ ይወጣና ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ይቀራል። ለሚቀጥለው ቡቃያ ስንቅ እንዲሆን የተከማቸው ፕሮቲን በስስ ሽፋን በተከበቡ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ታሽጎ ይቀመጣል። ፕሮቲን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች በደረቁ ፍሬ ውስጥ ሥራ ይፈታሉ። ገበሬ ዘሩን በጎተራ ወይም በጉድጓድ ከዓመት ዓመት አቆይቶ ሲዘራው የሚበቅልለት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ የሳይንቲስቶቹ ሐሳብ ይህ ነው፤ ተክሉ ለራሱ ስንቅ በሚያስቀምጥበት ከረጢት ውስጥ እኛ የምንፈልገውንም ፕሮቲን እንዲያስቀምጥልን ማድረግ።

አሠራሩ ለሰሚው የሚመስለውን ያህል ረቂቅ አይደለም። የተፈለገው ፕሮቲን ጂን፣ ማለትም ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው የዘር መመሪያ፣ ይወሰዳል። ከፊቱ የዘር ፕሮቲኖችን ብቻ የሚያሠራ መቀስቀሻ ይቀጠልበታል፤ ይህም ቅጠሉና ሥሩ ሳይነኩ ፕሮቲኑ በፍሬው ውስጥ ብቻ እንዲመረት ያደርጋል። ከዚያ ፕሮቲኑ ወደ ማከማቻው ከረጢት እንዲሄድ ወይም እዚያው እንዲቀር የሚያዝዝ አጭር ምልክት ይታከልበታል። ጂኑን ወደ ተክሉ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ በተፈጥሮው የራሱን ጂን ወደ ተክል የማስገባት ችሎታ ያለው ፍጥረት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቲሹ ካልቸር (ከትንሽ ቁራጭ ሙሉ ተክል በላቦራቶሪ ማሳደግ)፣ መረጣ፣ ማብቀልና ማጨድ ነው። ይህን ሥራ በሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ያሉ ባለሙያዎች ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

ዘር ያስቀመጡትን ይጠብቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ከተገኘ ቆይቷል። በ1995 የጀርመን ተመራማሪዎች በትምባሆ ዘር ውስጥ ያስቀመጡት የአንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ፕሮቲን) ቁራጭ በተራ ክፍል ሙቀት አንድ ዓመት ቆይቶ መጠኑም ሆነ ሥራው ሳይቀንስ መገኘቱን ጻፉ። በ2000 ደግሞ በስንዴና በሩዝ ፍሬ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ አንቲቦዲ ለወራት ያለ ማቀዝቀዣ ጸንቶ ተገኘ። በ2011 የቻይናዎቹ የውሃን ተመራማሪዎች የሰው ደም አልቡሚንን በሩዝ ፍሬ ውስጥ አብቅለው ከፍሬው የሚሟሟ ፕሮቲን ውስጥ አሥር በመቶ ያህሉን እንዲይዝ አደረጉ። አልቡሚን በቃጠሎና በከባድ ሕመም ለተጎዱ ሰዎች የሚሰጥ፣ ከለጋሾች ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ለጋሽ ሲያንስ መድኃኒቱ ያንሳል፤ ከደም ጋር የሚመጣው የበሽታ ስጋትም አብሮት ይኖራል። ሩዝ ግን የሰው ቫይረስ አይዘውም።

እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ሩዝ ነው። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኮሌራን መርዝ ጉዳት የሌለው ክፍል በሩዝ ፍሬ ውስጥ እንዲከማች አደረጉ። በ2007 ባሳተሙት ሥራ ፍሬው በክፍል ሙቀት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ክትባትነቱን እንዳላጣ አሳዩ። ፕሮቲኑ በፍሬው ከረጢት ውስጥ ስለታሸገ የሆድን አሲድ ተቋቁሞ አንጀት ይደርሳል፤ በእንስሳት ላይ ሲሞከርም ከመርዙ ጠብቋል። ቀጥሎ በዝግ ክፍል፣ ያለ አፈር፣ በሰው ሠራሽ ብርሃን ያበቀሉትን ሩዝ ፈጭተው ለፈቃደኛ ጎልማሶች በውኃ በጥብጠው አጠጡ። ውጤቱ በ2021 ታትሟል፤ ጉዳት አላደረሰም፤ በብዙዎቹም ሰውነት ውስጥ መርዙን የሚከላከል አንቲቦዲ ተገኝቷል። ከተሳታፊዎቹ ጥቂት የማይባሉት ግን ምላሻቸው ደካማ ነበር ወይም ጭራሽ አልነበራቸውም። እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ስላለብኝ ይህንንም እጽፋለሁ። ሩዙ ገና ፈቃድ ያገኘ ክትባት አይደለም፤ ጅምር ነው።

ለምን ኮሌራ ላይ እንደቆየሁ ታውቃላችሁ። ከነሐሴ 2022 ጀምሮ ከባሌ ተነሥቶ በየክልሉ የተዛመተው ወረርሽኝ በእናንተው መዝገብ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የዓለም የኮሌራ ክትባት ክምችት ከመመናመኑ የተነሣ በሁለት ዙር ይሰጥ የነበረው ክትባት በአንድ ዙር እንዲወሰን ተደረገ። ጥቂት ቆይቶም ለዓለም ክምችት የአፍ ክትባቱን የሚያቀርበው አንድ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ብቻ ሆኖ ቀረ። በሽታው በእኛ ቀበሌ፣ መድኃኒቱ በአንድ ሩቅ ፋብሪካ በር ላይ። ይህ ማንንም ሊያስተኛ አይገባም።

በተክል የተሠራ ፕሮቲን ወደ ሐኪም ቤት ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። በግንቦት 2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ጎሼ ለተባለው በዘር የሚወረስ በሽታ የሚሰጥ ኢንዛይም ፈቀደ፤ የሚመረተው በእስራኤል ካርሚኤል ከተማ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በሚያድጉ የካሮት ሴሎች ነው። በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያስጨንቅ ዚማፕ የተባለው የአንቲቦዲ ቅይጥ የተመረተው በኬንታኪ በበቀሉ የትምባሆ ዘመድ በሆኑ ተክሎች ቅጠል ውስጥ ነበር። የነበረው መጠን ለጥቂት ሰዎች ብቻ በቅቶ አለቀ። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ከዩኒቨርሲቲው ምርምር የወጣ ድርጅት ለምርመራ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖችን በዚሁ ተክል ያመርታል። በታይላንድ የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የመሠረቱት ኩባንያ የኮቪድ ክትባቱን እስከ ሰው ሙከራ አድርሷል። ደቡብ አፍሪካና ታይላንድ የቻሉትን እኛ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ የወሎን ማሽላ ማንሣት ግድ ይለኛል። የእህል ፕሮቲን ትልቁ ጉድለቱ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ማነሱ ነው፤ በማሽላ ብቻ ያደገ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግ እና አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ዓይነቶችን ፈትሸው በ1973 ውጤቱን ሲያሳውቁ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ላይሲናቸው እጅግ ከፍ ብሎ የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ። የወሎ ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ማሽላ ወተት በጉንጬ እያሉ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው ሲዘሩት፣ እሸቱንም ጠብሰው ሲበሉት ኖረዋል። ፍሬው ጨምደድ ያለ፣ ምርቱም ከሌላው ያነሰ ነው፤ ጣዕሙን ስለወደዱት ግን አልጣሉትም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1970፣ የስዊድንና የዴንማርክ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑም ላይሲኑም ከፍ ያለ ገብስ ማግኘታቸውን አሳውቀው ነበር፤ እሱም የኢትዮጵያ ገብስ ነበር። በዘሩ ውስጥ የከበረ ፕሮቲን ያለውን ተክል ለይቶ ማቆየት በዚህ አገር ገበሬ እጅ የኖረ ዕውቀት ነው። በቤተ ሙከራ መመዝገቡንና በመጽሔት መታተሙን ግን ሌሎች ቀደሙን።

ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ከምለው ጥንቃቄ ጋር ይያያዛል።

በ2002 በአሜሪካ ነብራስካ የሆነውን ማንም የዚህ ሥራ ጀማሪ ሊረሳው አይገባም። ፕሮዲጂን የተባለ ኩባንያ ለአሳማ ግልገሎች ተቅማጥ ክትባት የሚሆን ፕሮቲን የሚሠራ በቆሎ በሜዳ ዘራ። ከታጨደ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ላይ አኩሪ አተር ተዘራ። ከወደቀው ፍሬ የበቀለው በቆሎ ሳይነቀል ከአኩሪ አተሩ ጋር ታጭዶ ጎተራ ገባ። 500,000 ቡሽል (የአሜሪካኖች የእህል መስፈሪያ) ያህል አኩሪ አተር ታገደ፤ እንዲወገድም ተደረገ። ኩባንያው 250,000 ዶላር ተቀጣ፤ የማስወገጃው ወጪም ሚሊዮኖችን ፈጀ። ሰው ባይጎዳም ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ መድኃኒት የሚሠራ የምግብ እህል ሜዳ ላይ ከወጣ አንድ ቸልተኛ ገበሬ ወይም አንድ ሰነፍ ተቆጣጣሪ ብቻ ይበቃል።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኢትዮጵያ የጤፍ፣ የእንሰት፣ የኑግ አገር ናት፤ የገብስና የማሽላ ዓይነት እንደ እዚህ የበዛበት ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። አይስላንዶች በገብስ ፍሬ ውስጥ የሰውን የሕዋስ ማሳደጊያ ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ከምድር በሚወጣ ሙቀት በሚሞቅ ግሪንሃውስ። ለእነሱ ገብስ ጥሩ ምርጫ ነው፤ የሚዳቀለው የዱር ዘመድ በአካባቢው የለም። ለእኛ ግን ገብስ የማይነካ መሆን አለበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው በጽሑፍ እንዲደነገግ የምጠይቀው ይህ ነው፤ መነሻው አገራችን በሆነ ወይም እዚህ ዓይነቱ በበዛ በማንኛውም የምግብ እህል ውስጥ የመድኃኒት ጂን አይገባም፤ በማንኛውም ተክል ውስጥ የገባ የመድኃኒት ጂንም ሜዳ ላይ አይዘራም። የተፈጥሮ ሀብታችንን የሚቆረቆሩ ወገኖች ይህን ሥራ በጥርጣሬ ቢያዩት አልፈርድባቸውም። እነሱን ለማሳመን መሞከር ብቻ አይበቃም፤ የሚሉት ትክክል የሆነበት ቦታ ላይ ሕጉ ከእነሱ ጋር መቆም አለበት።

ታዲያ በምን ተክል? ለዘር ትምባሆን አቀርባለሁ። ሰው አይበላውም፤ ከእህል ጋር አይዳቀልም፤ አንድ ተክል እጅግ ብዙ ጥቃቅን ዘር ይሰጣል፤ ኒኮቲኑም በቅጠሉ እንጂ በዘሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢ ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ፕሮቲን የያዘ የትምባሆ ዘር ለአሳማ ግልገሎች አብልተው የመከላከል ምላሽ አግኝተዋል። በፍጥነት ለሚፈለግ ፕሮቲን ደግሞ የትምባሆው የአውስትራሊያ ዘመድ ኒኮቲያና ቤንታሚያና አለ፤ ቅጠሉ በባክቴሪያው ከተነከረ በኋላ በቀናት ውስጥ ፕሮቲኑን ይሰጣል። ይህንን ማቆየት ግን ቅጠሉን ማጣራት ወይም ማድረቅ ስለሚጠይቅ፣ የእኔን ልብ የሚስበው አሁንም ዘሩ ነው።

የት እንደሚጀመር በሚገባ አስቤበታለሁ። ሰው ላይ አይጀመር። የሰው መድኃኒት ረጅም ሙከራ፣ ውድ ማጣሪያና ትልቅ ኃላፊነት ይጠይቃል። ተክል ፕሮቲኑን ርካሽ አድርጎ ያመርተዋል፤ ለመርፌ የሚሆን ንጽሕና ላይ ማድረሱ ግን በተክልም ይሁን በፋብሪካ የብረት ጋን ውስጥ በሚያድጉ ሴሎች ያው ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትልቁ ወጪ እሱ ነው። ይህን ሳይናገሩ ተስፋ የሚሰጧችሁን ሰዎች አትመኑ። ሕፃናት ሙዝ በልተው የሚከተቡበት ዘመን ደርሷል ሲባል የነበረውም ቀርቷል፤ አንዱ ሙዝ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ፕሮቲን ሲይዝ የመድኃኒቱን ልክ ማን ያውቃል? የቶኪዮ ሰዎች ሩዙን ፈጭተው፣ ለክተው፣ አሽገው የሰጡት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ ይሁን። በየላቦራቶሪው ያሉት የምርመራ ኪቶች ልብ የሆኑት ፕሮቲኖች በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው፣ በበረዶ ታሽገው በአውሮፕላን የሚመጡ ናቸው። እነዚህን ለመሥራት የሰው ሙከራ አያስፈልግም። አቪዲን የተባለው የላቦራቶሪ ፕሮቲን ከእንቁላል ነጭ ሳይሆን ከበቆሎ ፍሬ ተመርቶ ለገበያ የቀረበው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሥራው ቢሳካ አገሪቱ ታተርፋለች፤ ቢከሽፍ የሚጎዳ በሽተኛ የለም፤ ባለሙያዎቹ ግን ተምረው ይወጣሉ።

ሁለተኛው የዶሮ ጉምቦሮ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን ከታየ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጫጩቶችን ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜያቸው ይይዛል፤ የሚያጠቃውም የመከላከል አቅማቸውን የሚያሠለጥነውን ትንሽ አካል ነው። ስለዚህ የተረፈችው ጫጩት እንኳ ለፈንግል የተሰጣትን ክትባት በቅጡ አትቀበልም። የተለመደው ክትባት በብዙ መቶ ዶሮ ልክ በአንድ ብልቃጥ ይመጣል፤ ተበጥብጦ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስምንትና አሥር ዶሮ ላላት እናት ያ ብልቃጥ ምኗ ነው? የቀረውን ትደፋዋለች፤ ወይም ከነጭራሹ አትገዛውም። በ2007 የታተመ ጥናት የጉምቦሮን ቫይረስ ፕሮቲን በያዘ ሩዝ የተመገቡ ጫጩቶች ከበሽታው መጠበቃቸውን አሳይቷል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ከመኖ ጋር በልክ የሚሰጥ ደረቅ ዘር ነው፤ ማጣሪያም፣ መርፌም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ወደ ሰው ምግብ እንዳይቀላቀል ዘሩ እንዳይበቅል ሆኖ ተፈጭቶና ቀለም ተነክሮ ከግሪንሃውሱ ይውጣ። በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ከ1964 ጀምሮ ያካበተው ልምድ፣ ዶሮ ላይ የሚሞክርበትም ቦታና ባለሙያ አለው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መቆጣጠሪያ ማዕከልም እዚያው ከተማ ነው። ከዚህ የተሻለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?

አሜሪካኖች በ2006 በትምባሆ ሴሎች የተሠራ የፈንግል ክትባት ፈቅደው ነበር፤ በዓለም ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የተክል ክትባት እሱ ነው። ገበያ ላይ ግን አልዋለም። የካናዳው ሜዲካጎ ያመረተው የኮቪድ ክትባት ደግሞ በየካቲት 2022 በአገሩ ተፈቅዶ ሳለ፣ ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ የሲጋራ ኩባንያ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ሳይቀበለው ቀረ፤ በዓመቱም የጃፓን ባለቤቱ ኩባንያውን ዘጋው። የሚሠራ ነገር በባለቤቱ ውሳኔ ብቻ እንዲህ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ግሪንሃውስ የሕዝብ ንብረት ይሁን፤ የውጭ ባለሀብት ቢገባ እንኳ ዘሩና ዕውቀቱ አገር ውስጥ እንዲቀር ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይረጋገጥ። በጤፍ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ የያዘው የፈጠራ መብት በሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ እስኪሆን ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀብን የሚረሳ የለም።

ሠራተኛ ከየት ይመጣል ብላችሁ እንዳትጨነቁ። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በባቱ የአበባ እርሻዎች ውስጥ ለዓመታት የሠሩ፣ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች አሉን። የጠብታ መስኖ፣ የግሪንሃውስ እርጥበት፣ ተባይ ከመሰራጨቱ በፊት ቅጠል ላይ አይቶ መለየት፣ ከቤት ወደ ቤት ሲገቡ ጫማና እጅ ማጽዳት የዕለት ሥራቸው ነው። ለዚህ ፕሮጀክት የሚያስፈልገው ሙያ ግማሹ በእነሱ እጅ ውስጥ አለ። ደመወዛቸው ከሚያውቁት ነገር ጋር እንዲመጣጠንም ይህ ሥራ ዕድል ይሰጣል፤ ይህንን እንደ ትርፍ ነገር አልቆጥረውም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው ቁጥር 896/2007 በእጃችን አሉ። በእነሱ መሠረት በሽታና ተባይ የሚቋቋሙ ሰብሎች ተፈትሸዋል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018ም ትልን የሚቋቋም ጥጥ ተፈቅዷል። መድኃኒት የሚያመርት ተክል ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው። ተባይ የሚቋቋም ጥጥ የሚመዘነው በማሳ ላይ ነው፤ መድኃኒት የያዘ ዘር ግን እንደ ተክልም እንደ መድኃኒትም መመዘን አለበት። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጋራ የሚፈርሙበት አንድ መመሪያ ካልወጣ አመልካቹ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ይኖራል፤ ከዚያም የባሰው፣ ከሁለቱም ዓይን የሚያመልጥ ክፍተት ይፈጠራል። መመሪያው ግሪንሃውሱ ሳይሠራ በፊት ይውጣ። ረቂቁም ለሕዝብ ውይይት ይቅረብ፤ ገበሬዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት በተገኙበት፣ በሚገባቸው ቋንቋ።

ገንዘቡን አስመልክቶ የምለው አጭር ነው። የምጠይቀው ፋብሪካ አይደለም። ሁለት በር ያለው፣ አየሩ የሚጣራ፣ ፍሳሹ ታክሞ የሚወጣ አንድ ግሪንሃውስ፤ አጠገቡ አንድ ላቦራቶሪ፤ እንዲሁም በየበጀት ዓመቱ መባቻ በጀት ታጥፎ የማይበተን የባለሙያ ቡድን ነው። የመጨረሻውን ደግሜ አሳስባለሁ፤ ከተተከለው ጂን እስከ ተረጋጋ ዘር ድረስ ብዙ ትውልድ ተክል ማለፍ አለበት፤ በየዓመቱ የሚቋረጥ ሥራ ደግሞ ዘር ሳያፈራ ይደርቃል።

መልሳችሁ አዎንም ይሁን አይሆንም፣ በጽሑፍና በይፋ እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ። አይሆንም ከሆነ ምክንያቱ ይነገረን፤ ባለሙያዎች ይወያዩበት። አዎን ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ስብሰባ በቢሾፍቱ እንዲሆንና የክትባት መጋዘን ሠራተኞችና የዶሮ አርቢ እናቶችም ከጠረጴዛው ዙሪያ እንዲቀመጡ እለምናለሁ። እኔም የሰበሰብኳቸውን ጽሑፎች ይዤ በተጠራሁበት ቀን እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የክትባት መጋዘን ፋርማሲስት
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት